አባባ እሁድ እሁድ የሚሄድበት

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ በገባ ቁጥር የሚጥልህ ሳል ለቀቀህ? ባለቤትህና መንትዮቹ ደህና ናቸው? ትንሿ መነጽር ታዘዘላት ብለህ ነበር፤ ለመደችው ወይስ አሁንም እየደበቀች ታስቸግራችኋለች? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የደንብ ልብስ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ወገብ ይኖረዋል ተብሎስ ማን ይጠብቃል!

ይህን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት፣ እዚሁ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ አባባ እስክሪብቶ ይዤ ካየኝ ለማን እንደምጽፍ ወዲያው ያውቃል። ስጀምረው ደግሞ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ "እርስዎ" ልበልህ "አንተ"? አንተ ዘንድ ሰው ሁሉ "አባታችን" እያለ እንደሚሳለምህ አውቃለሁ። ግን የምጽፈው ለካህኑ አይደለም፤ የጫማዬን ክር ያስርልኝ ለነበረው ወንድሜ ነው። ስለዚህ አንተ ብል እንዳትቀየመኝ።

አባባ እየሄደ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ሌላ አማርኛ ላለብሰው ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ጉበቱ ነው። ሐኪሙ በረንዳ ላይ ለብቻዬ ጠራኝ፤ ስንት ወር ይቆያል ብዬ ብጠይቀው፣ በወር አትቁጠሪው አለኝ። ያ ቧንቧ በጥርሱ ይፈታል እያልን የምንቀልድበት ሰው፣ አሁን የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

እንዲህ መሆኑን ሳውቅ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ካህን የሄድኩት። እኔ በየእሁዱ የምቆም፣ የምዘምር ሰው ስለሆንኩ አባቴን ከእናቴ አጠገብ አሳርፉልኝ ማለት ቀላል መስሎኝ ነበር። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ሰጥተውኝ፣ ራሳቸው ቆመው፣ የአባባ ስም ከምእመናን መዝገብ ከተሰረዘ ስንት ዘመኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እሺ አይሉም አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ወንድምሽ ካህን ነው፣ አባቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ እሱ "አማኝ ነው" ብሎ አንዲት መስመር ከጻፈልን ማንም አፉን አይከፍትም አሉኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ካህኑ ጻፉልህ፤ መልስህ መጣ። እሳቸው አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ጽሑፍህን አወቅሁት። "ሥርዓት የካህን አባት ነው ተብሎ አይታጠፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ደጁን ያልረገጠ ሰው የቤቱን ጌታ አውቀዋለሁ ሊል አይችልም።" ከሥሩ ፊርማህ፣ ከፊርማህ ሥር ማኅተሙ።

አልፈረድኩብህም። ምን ብዬ እፈርዳለሁ? እማማን የቀበርን ዕለት አባባ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሞ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንድ እርምጃ ሳይገባ ሲቀር፣ አንተ ዓይንህን ከሱ ስታዞር እኔም አብሬህ አዙሬያለሁ። ለሚስቱ ያልገባ ለማን ይገባል ብለህ ስትናገር "እውነት ነው" ያልኩህ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አታናግረውም፤ አንድ ቀን እንኳ ተው ብዬህ አላውቅም። እሁድ በጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ጎረቤት "ሰንበት የማያውቅ ቧንቧ ሠሪ" ሲለው፣ አፍሬ መንገድ እቀይር ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ባለፈው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነው። ጠዋት ነጠላዬን ይዤ ልወጣ ስል አባባ ከአልጋው ለመውረድ ሲታገል አገኘሁት። ወዴት ነው ስለው፣ ይጠብቁኛል አለ። ላብ በላብ ሆኗል። መልሼ አስተኝቼው ስቀመጥ፣ ቆይቶ ቆይቶ የመሣሪያ ቦርሳውን በአገጩ አሳየኝና፣ በይ አንቺ ሂጂ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ በር ነው፣ ሳታንኳኪ ግቢ፣ እሳቸው መክፈት አይችሉም አለኝ። ቦርሳውን ስከፍተው መፍቻ የለ፣ ቱቦ የለ። ሳሙና፣ ፎጣ፣ ምላጭ፣ መቀስ፣ ዳር ዳሩ የተበላ መጽሐፍ ቅዱስ።

ሄድኩ። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ባልዲ፣ አንድ ወንበር። አልጋው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ የእግሬን ኮቴ ሰምተው ዛሬ አረፈድክ ብለው ጀመሩ፤ እኔ መሆኔን ሲያዩ ደነገጡ። እኔ ግን ያወቅኋቸው ከፊታቸው አይደለም። ከእጃቸው ነው። ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ቆዳው እንደቀለጠ ሰም ሆኗል። ጋሽ ቁልፌ ናቸው፣ ወንድሜ። የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ። ልጆች ሆነን ከወገባቸው የማይጠፋውን የቁልፍ ዘለላ አይተን "ቁልፌ" ያልናቸው፣ አጥር ስንዘል በልምጭ የሚያባርሩን።

በሕይወት ያሉ አልመሰለኝም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የአልባሳት ክፍል ተቃጥሎ፣ እሳቸውም እሳቱ ውስጥ ገብተው እጃቸው ከተጎዳ በኋላ፣ በሥራ ላይ ሲጋራ አጭሰው ነው ተብለው የተባረሩ ጊዜ አገር ለቀቁ ነበር የተባለው። ለካ የሄዱት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ድረስ ነው። አባባ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ያጥባቸዋል፣ ይላጫቸዋል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ ከዚያ መጽሐፉን ያነብላቸዋል፤ አብረው ይጸልያሉ። የዚያን ቀን እኔ ላጨኋቸው። ምላጩን ወደ ጆሯቸው ሳስጠጋ፣ አይዞሽ፣ አባትሽም መጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ሊያስቀረኝ ነበር ብለው አሳቁኝ።

አባባ በእርስዎ ምክንያት ነው ቤተ ክርስቲያን የቀረው ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ተቆጡ። እኔን አስወጡኝ፣ እሱን ማን አስወጣው? አሉ። ሁልጊዜ ነው የምንጣላው፤ ግባና ስለ እኔም ቁም እለዋለሁ፤ ደጁ ያለ ሰው ቁርበት ላይ እንደተኛ ነው፣ ይቆረቁረዋል እንጂ አያሞቀውም፤ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ግባ ቢሉኝ በጉልበቴ እገባ ነበር አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ሲጋራ በአፌ ገብቶ አያውቅም አሉ። ታዲያ ለምን እሳት ውስጥ ገቡ፣ ለልብስ ነው? አልኳቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ለጨርቅማ ማን እጁን ይሰጣል፣ ልጄ፤ የወጣው ወጥቷል፣ ተመስገን አሉና አንብቢልኝ ብለው ዘጉት።

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት መርገጡን አላስታውስም። እሳቱ የተነሣበትን ያን ቅዳሜ እያሰብኩ ነበር። አንተ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ የመዘምራኑ መሪ፤ እኔ አሥራ አንድ። አባባ ውሃ እንዲከፍት ተጠርቶ ሄዶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ተመለሰ፤ አንተ ራስህን አሞህ ተኝተሃል ተባልኩ። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ቀዳዳ አባባ ነጭ ሸሚዝ ሲያጥብ አየሁት። ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው! አንዱ እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ነበር፤ አሽቶ አሽቶ እንቢ ሲለው በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ወጣ። እስከዛሬ የራሱ ሸሚዝ ይመስለኝ ነበር። አባባ በዕድሜው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እንደማያውቅ ትዝ ያለኝ ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ነው። አንድ መኪና ጡሩምባ እየነፋብኝ ቆምኩ።

ከእሳቱ በኋላ በመጣው እሁድ ሽማግሌዎቹ ጋሽ ቁልፌን በጉባኤ አስነሥተው አሰናበቱ። አባባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። አልተናገረም። በወሩ አንተ በጉባኤው ሙሉ ድምፅ ተመርጠህ የክህነት ትምህርት ቤት ገባህ። አባባ ከዚያ ቀን ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልገባም።

አባባ እሁድ እሁድ የሚያደርገውን ባወቅሁ ማታ ሾርባውን በማንኪያ እያጠጣሁት፣ ለምን ሁለቱንም አላደረግህም፣ እሳቸውን አጥበህ ቤተ ክርስቲያንም መምጣት አትችልም ነበር አልኩት። እዚያ ከገባሁ መናገር አለብኝ አለኝ፤ ሳልናገር ብቆም ደግሞ ቆሜ መዋሸቴ ነው። ውጭ ስሆን ግን እግዚአብሔርን አንድም ነገር አልደበቅሁትም። ትክክል ነው አላልኩሽም ደግሞ አለ፤ የቻልኩት ግን ይህን ነው። ከዚያ እጄን ያዘና፣ ለወንድምሽ ስለ ሕመሜ ጻፊ፣ ስለ እሁድ ግን አንዲት ቃል እንዳትጽፊ ብሎ አስማለኝ። እንደምታየው መሐላዬን በልቻለሁ። እግዚአብሔር እኔንም ይቅር ይበለኝ።

ያለፈው እሁድ ደግሞ ሌላ ነው። ጋሽ ቁልፌ ራሳቸው እየተንገዳገዱ ቤታችን መጡና፣ ሳይሞት አስገባዋለሁ ብለው ድርቅ አሉ። አባባም ምን እንዳየባቸው እንጃ፣ እሺ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁት፣ እሳቸው ከጎን ከጎን እየሄዱ ደረስን። በሩ ላይ ዋናው ሽማግሌ ቆመዋል። አባባን ሲያዩ ዕንባቸው መጣ፤ ግባ ወንድሜ ብለው ወንበሩን ሊገፉ እጃቸውን ሰደዱ። ወዲያው ከጎኑ ማን እንዳለ አዩ። እሱ ግን አይገባም አሉ፤ ጉባኤ የወሰነበት ሰው ነው። አባባ በሁለት እጁ ጎማውን ያዘ። ያ ብርጭቆ የማያነሣ እጅ እንዴት እንደጨበጠው ብታይ! እንግዲያው እዚሁ ነኝ አለ።

እዚያው ቆየን። ፀሐዩ በረታ፤ ሰው በአጠገባችን እያለፈ ይገባል፣ አንዳንዱ ሰላም ይላል፣ አንዳንዱ እንዳላየ ያልፋል። ከውስጥ ጸሎቱ በተሰማ ቁጥር ሁለቱ አዛውንቶች ከደጅ ሆነው ይቀበላሉ፤ አንዲት አላሳለፉም። እኔ ለሃያ ዓመት ውስጥ ቆሜ የሰማሁትን፣ እነሱ በቃላቸው ያውቁታል።

ሲያልቅ ካህኑ ወጥተው አባባ ፊት በርከክ አሉ። አንድ ምክንያት ንገረኝ፣ እዚሁ ንገረኝና ሁለታችሁንም እኔ ራሴ አስገባችኋለሁ አሉት። አባባ ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ጋሽ ቁልፌ በዚያ በተጣበቀ እጃቸው ትከሻውን ጫን አድርገው፣ የአንተ አይደለም፣ አትናገር አሉት። አልተናገረም። ካህኑ ተነሥተው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እጃቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ወንድምሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጽፍልን ጥሩ ነበር፤ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር አሉኝ።

አባባ ከዚያ ዕለት ወዲህ አልጋ ይዞ ቀርቷል። የሚያወራው ጥቂት ነው። ጠዋት ሲጸልይ ግን ከንፈሩን አያለሁ፤ ከእኔም ከእማማም ስም በፊት ያንተን ነው የሚጠራው።

ወንድሜ፣ እኔ ይህን ጻፍ አልልህም። ቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም የሚል ነገርም ከአፌ አይወጣም፤ አንተ ስለ ደጁ የምትሰብከውን እኔም አምናለሁ፤ ጋሽ ቁልፌ ከሁላችንም በላይ ያምናሉ። ሽማግሌዎቹ በሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ። አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ ያደርስሃል። ቤቱ ክፍት ነው፤ አልጋህን አንጥፌያለሁ።

ደብዳቤ ልጽፍልህ መሆኑን ለጋሽ ቁልፌ ነግሬያቸው ነበር። ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ አልተቀየምኩትም በይው አሉኝ። በሩን ልዘጋ ስል መልሰው ጠሩኝና፣ ሰባ ስምንት ዓመት እንደሞላኝ ግን ንገሪልኝ አሉ።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ልብህን ያበርታልህ።

በናፍቆት፣
ታናሽ እህትህ