ሥራ የላትም ተብላ ባሕር ማዶ ስለቀረችው ባለቤቴ

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ግዞተኞች ማስመለሻና ማቋቋሚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጦርነቱ ሲነሳ ከባለቤቴ ጋር ከሱቃችን ተለቅመን፣ ባሕር ማዶ ባለች ደሴት አራት ዓመት በሽቦ ታጥረን የከረምን ልብስ ሰፊ ነኝ። ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ወር ሆነው። እኔን በቸርነትዎ አስፈትተውኛል፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን እዚያው ናት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ «ባለሙያዎች ይቅደሙ» ብለው መርከቡን በሙያ ስለ ደለደሉልን አመሰግናለሁ። እኔ «ልብስ ሰፊ» ተብዬ በመጀመሪያው መርከብ መጣሁ። ባለቤቴ ስሟ አጠገብ «ሥራ የላትም» ተብሎ ስለተጻፈ ለመጨረሻው መርከብ ተመደበች፤ ለእሱ ደግሞ ቀን አልተቆረጠለትም።

፪ኛ፣ በሦስተኛው መስኮት ያሉት ጸሐፊዎ ሰኞ በመጣሁ ቁጥር «ጋሼ፣ ማመልከቻውን እሷ ራሷ ቀርባ ትፈርም» ይሉኛል። ባሕሩን በምን ተሻግራ እንደምትቀርብ ብጠይቃቸው፣ እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! እኔም በሰባት ቀኔ ተመልሼ እመጣለሁ።

፫ኛ፣ ለማቋቋሚያ የሰጡኝ ክፍል ባለ ሁለት አልጋ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። በአንደኛው አልጋ ላይ ጨርቅ እቆርጣለሁ።

፬ኛው እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የምዝገባው ዕለት ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስለነበር፣ ሥራዋን ሲጠይቁኝ «ኧረ እሷ ቤት ነው የምትውል» ያልኩት እኔው ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የቆረጥኩትን ስትዘመዝም፣ የአዝራር ቀዳዳ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት! ይህንን ቃሌን ይሰርዙልኝ ብዬ ብለምን፣ የተመዘገበ አይሰረዝም ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል፤ ከዚህ ወዲያ የማንን ደጅ እንደምጠና አላውቅም።

ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለመዝገብዎ የማይበላው ብል እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

በመጀመሪያው መርከብ የመጣው ግማሽ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ «ሁሉም ግዞተኛ ወደ ቤቱ ተመልሷል» ብለው ንግግር ለሚያደርጉበት ቀን ያዘዙኝ ካፖርት ተሰፍቶ አልቋል። የጎደለው የአዝራር ቀዳዳ ብቻ ነው። እሱን የምታወጣው ያቺ ሥራ የሌላት ባለቤቴ ስለሆነች፣ እስክትመጣ ድረስ ንግግሩን ካፖርትዎን በእጅዎ ገጥመው ይዘው እንዲያደርጉ በትሕትና እለምናለሁ።