ጳጉሜን የማያውቀው ሣጥን

ማክሰኞ

ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር፤ ዛሬ አንዲት ቀይ ጽሑፍ አሸነፈችኝ። በየሳምንቱ በዚህ ዓምድ ለከተማው ሁሉ ምክር የማድለው እኔ፣ የአክስቴ ባል አያ አድማሱ ፊት ስልኬን ይዤ አላበኝ።

አያ አድማሱ ከትክል ድንጋይ ወደ ከተማችን የመጡት ልጃቸውን ማስተዋልን ለማስመዝገብ ነው። አዋላጅ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የጤና ኮሌጁ ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ ነው፣ ዓርብ ይዘጋል ብሏል። አያ “አንች የጽሑፍ ሰው አይደለሽ?” ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም በኩራት ተቀበልኩ።

ስም፣ ገባ። የአባት ስም፣ ገባ። የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይላል፤ የእሷ ጳጉሜን 3 ነው። ወር የሚለው ሣጥን ውስጥ 13 ስጽፍ ከሥሩ በቀይ “ከ1 እስከ 12 ያስገቡ” የሚል ወጣ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። የአሥራ ሦስት ወር አገር ውስጥ ተቀምጦ!

በማስተዋል ጆሮ ነሐሴ 30 ብንልስ አልኳት። አያ ሰሙ።

“እናቷ ምጥ ጠንቶባት ሩፋኤል ነው በሰላም የገላገላት። የሩፋኤልን ልጅ ለነሐሴ አልሰጥም።”

ማስተዋል ደግሞ መታወቂያዋን አሳየችኝ። እዚያም ጳጉሜን ነው፤ ካልገጠመ ይጥሉኛል አለች። 

ረቡዕ

የኮሌጁ ስልክ አይነሳም። መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ሄደ። አያ ቤቴ ቁጭ ብለው “ምነው፣ አሁንም አልተቀበለም?” ይሉኛል። አልተቀበለም አያ። ሸጋ ነገር አይደለም ይላሉ። ምን ልበላቸው? ሰው ቢሆን እለምነው ነበር። ሣጥን እንዴት ይለመናል?

ሐሙስ

ፒያሳ ሰላም ጋ ሄድን። ሰላም ኮምፒውተር ጠጋኟ ናት፤ በሠርጓ ዕለት የሙሽራውን ስልክ ስትጠግን ሰው ያስጠበቀችው።

አየችውና ሳቀች። ቀዩን ጽሑፍ የሚያወጣው ኮሌጁ እንዳይመስልሽ አለችኝ። ከድረ ገጹ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ስክሪፕት የሚሉት ትእዛዝ አለ፤ እዚሁ እኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ድረ ገጽ በምንከፍትበት ብሮውዘር ውስጥ ሆኖ ነው የሚቆጣጠረን። የሠራው ሰው ከውጭ የተዘጋጀ ገልብጦ ጳጉሜንን ረስቷታል።

“ላጥፋው?” አለች።

ይጠፋል እንዴ? ጠፋ። 13 ጻፍን፣ ላክን፣ ገባ! የምዝገባ ቁጥር ወጣልን፤ ወረቀቱንም አተመችልን። አያ እስኪበቃት መረቋት።

ደስታዬ ግን መንገድ ላይ ቀዘቀዘብኝ። ሰላም ወር 40 ብንልም ይገባ ነበር ብላኛለች። ባለፈው ቀሐ ሰፈር የተጠራሁበት ሠርግ ትዝ አለኝ። በር ላይ የጥሪ ካርድ የሚጠይቅ ጎረምሳ ቆሟል፤ የድንኳኑ ጀርባ ክፍት ነው፤ ግማሹ ሰፈር በዚያ ገብቶ በላ። እኛስ በየት ገባን?

ዓርብ

ቁርስ ላይ ወረቀቱን ዳግም አየሁት። “ስልክ” ከሚለው ፊት ባዶ ነው። በችኮላ ዘለነዋል! ለመግቢያ ፈተና የሚጠሩት ደግሞ በስልክ መልእክት ነው። ቀዩ ጽሑፍ ቢኖር ይነግረን ነበር፤ አጥፍተነዋል። ኮሌጁም ሲቀበለን ስልካችሁስ አላለም።

ወደ ሰላም በረርን። እንደገና ስንሞክር “ቀደም ሲል ተመዝግበዋል” አለን። የኮሌጁ ኮምፒውተር ይህቺን ብቻ አጣርቷል እንግዲህ።

ሰላም አፈረች። ቀዩ ጽሑፍ እኛ እንዳንሳሳት ይጠቅማል፤ መቀበልና መመለስ ግን የኮሌጁ ኮምፒውተር ሥራ ነበር፤ ሣጥኖቹን አለማየቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው አለች። እውነቷን ነው። ብሮውዘር ያስታውስ፣ ተቀባዩ ይመርምር። ግን የእኔ መስማማት ለማስተዋል ምን ያደርግላታል?

ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

“እታለም፣ ፈተናው ሳይጠሩኝ ቢያልፍ በምን አውቃለሁ?”

 አያ ወደ ትክል ድንጋይ አልመለስም ብለዋል። ስንታገል የቢሮ ሰዓት አለፈ፤ ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ኮሌጁ በር ላይ ነን። እዚያ መቼም ሰው አይጠፋም፤ ልመና እንኳ እችላለሁ። ከበር ቢመልሱንም ባይመልሱንም፣ ያሉንን ሳላሳምር እነግራችኋለሁ።