ባቄላ የማይስማማው ደምህ

ታዴዬ፣

በሞት ከተለየኸኝ ስድስተኛ ዓመትህን ይዘሃል። ቤታችን ያው ፈላና በር ሰፈር ነው፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀብተነዋል። ልጃችን ሰላም ከባሏና ከልጇ ጋር እኔው ዘንድ ገብታለች። ልጇን አላየኸውም፤ ናቲ ይባላል፣ አምስት ዓመቱ ነው።

የምጽፍልህ ግን አፍሬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከኤረር በር ገበያ እሸት ባቄላ ገዝቼ መጣሁ። ናቲ አጠገቤ ተቀምጦ እየፈለፈለ ጥሬውን በላ። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ሆስፒታል ይዘነው ሮጥን፤ ደም ተሰጠው። ሐኪሟ ሰላምን «በእናንተ ወገን ባቄላ የማይስማማው ወንድ አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አባቴ አይበላም ነበር። እማዬ ግን ኩራት ነው ትለው ነበር» አለች ሰላም። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሐኪሟ አስረዳችን። ከብዙ ትውልድ በፊት በአንድ ሰው ዘረ መል ላይ ትንሽ ለውጥ ተፈጠረ አለች፤ ከአባት ወደ ሴት ልጁ፣ ከእርሷ ወደ ወንድ ልጇ እየተላለፈ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሰው ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ።

«ታዲያ ይህን ያህል የሚጎዳ ነገር እንዴት ከሰው ዘር አልጠፋም?» አልኳት።

«ወባ ባለበት አገር ይጠቅማል፣ እናቴ» አለችኝ። «ወባ እንዲህ ባለው ደም ውስጥ እንደ ልቧ አትራባም። ሌላው ሲሞት እነርሱ ተርፈው ወለዱ፤ ለውጡም አብሯቸው በዛ። ወባ በሌለበት ግን የሚቀረው ጉዳቱ ነው።»

አያቶችህ ኤረር ቆላ ላይ፣ ወባ ጎረቤቱን ሁሉ ስትጨርስ፣ እንዴት እንደተረፉ ትነግረኝ ነበር። ጉራ ነው ብዬ እስቅብህ ነበር።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። በአንድ ዐቢይ ጾም ወንድሞቼ ቤታችን መጥተው፣ «ባቄላ ያመኛል» ብለህ ከሽንብራ ሽሮ ሌላ አልቀምስም ስላልክ ሳቁብህ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ውሸትህን ላጋልጥ ብዬ የባቄላ ዱቄት ከሽሮው ቀላቅዬ አቀረብኩልህ። «ዛሬስ እጅሽ ጣፍጧል» ብለህ ጠርገህ በላህ። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆንክ። ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ፤ እኔም እያወቅሁ የወፍ በሽታ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ተኛህ። ልብስህን ሳጥብ «አስቸገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ» አልከኝ። ይቅርታ የለመንከው አንተ ነህ! ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ዝም አልኩ።

ለሰላም ባለፈው እሑድ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተነስታ የሽሮውን ዕቃ ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ወዲህ የልጇን ምግብ ራሷ ትሠራለች። አልተቀየምኳትም፤ በምን አፌ እቀየማታለሁ?

ናቲ ድኖ ግቢውን ሲያምስ ይውላል። አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ቁርጥ አንተን ነው። ካደገ በኋላ ስላንተ አጫውተዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ስምህን ሳላነሳ የምውልበት ቀን አይኖርም። የዚያን ጾም ነገርም ሳልነግረው አላልፍም። «አያትህ ታሞ ነበር» አልለውም። «እኔ አሳመምኩት» እለዋለሁ።