የቨርኖን መላጊያ

…የአናጢነት ሥራ ቤትህ ውስጥ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተህ እንዳላየህ ያለፍከውን እያሰብኩ ነበር፣ ኤልዊን፣ ኦሃዮ ውስጥ ሎሬይን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የቤቷን ዕቃ በምትሸጥበት በመኪና ማቆሚያ ጋራዧ ደጃፍ አሮጌ መሣሪያ ስፈልግ። እኛ ሰፈር የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ ደጅ ሣር ላይ ይዘረጋል፤ ከፍሎ መውሰድ ነው። ሎሬይን ግን የባሏን የቨርኖንን መላጊያ ለሁለት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች አልሸጥም ብላ መልሳለች። እኔም አንስቼ ስለቱን አየሁና አስቀመጥኩት።

«በጎኑ አስተኛኸው» አለችኝ።

«ስለቱ እንዳይዶለዱም ነዋ፣ እትዬ።»

«እነዚያ ነጋዴዎች በስለቱ ነበር ዘፍ ያደረጉት። ለጌጥ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት። አንተስ ትሠራበታለህ ወይስ ወሬ ብቻ ነህ?» ብላ እንድልገው ሳንቃ አቀበለችኝ።

ፈራሁ። እጄ መላጊያውን እስኪጨብጥ ተንቀጠቀጠ፤ ከጨበጠ በኋላ ግን ጸጥ አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወጣ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

«ውሰደው» አለች። «ቨርኖንም ከዚህ አያሳሳውም ነበር።»

ለባለቤትህ ለዶሪስ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የተሰበረ ወንበሯን እኔው እጠግንላታለሁ በላት። የምጽፍበት ቦታ አለቀ። መላጊያውን ይዤ ስሄድ ሎሬይን፣ የሚሠራበት ሰው ብቻ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል፣ ሌላውን የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ትታ የጋራዡን በር ወደ ታች ሳበችና ዘጋችው።

ኦርቪል