ከመጫወቻ መሀል የተገኘ ስለት

እህቴ የትናየት፣

ይህ ወረቀት ካለሽበት ቤሩት ደርሶ እጅሽ ከገባ፣ የእኔና የመላው ቤተሰብ ሰላምታ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍ ያስተኙሻል? ምግቡስ ተስማማሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። ዝናቡም ሳይከፋ ወጣ፣ ማሽላውም ጥሩ ይዟል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ለሻደይ በዓል ደውለሽ የልጃገረዶቹን ዘፈን በስልክ ካሰማንሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ስንደውል ቁጥሩ አይሠራም ይለናል። ከድሮዋ ማዳም ቤት ወጥታለች የሚልም ሰው አለ። አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል እኮ!

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሲጨንቀኝ ቤት እገለብጣለሁ። እናታችን ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ደራሹን እያስነሣሁ ስጠርግ፣ በእንባሽ መሀል የሳቅሽብኝን አትረሺውም። አሁን ደግሞ የዘመትኩት በልጆቹ መጫወቻ ላይ ነው። አንቺ በየሰዉ እጅ ለልጅሽ ለውዴ የላክሽው፣ የእኔው ዘመነ ከሽቦና ከቆርኪ የሠራው፣ ትንሿ ልጄ ትንሣኤ ከጭቃ ጠፍጥፋ አልጋ ሥር ያሰለፈቻቸው ላሞች፣ ሁሉም ተደምሮ መራመጃ አሳጣን። አንድ ቀን ባለቤቴ ቄሱ ለኪዳን ሊወጡ ሲነሡ መኪና ረግጠው እስከ በሩ ተንሸራተቱልሽ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እሳቸው ግን ስመለስ ይህ ቤት ጠርቶ ላግኘው ብለው፣ በዚያው ለአገልግሎት ወደ ሰሃላ ሄዱ።

መጀመሪያ ልጆቹን ራሳችሁ ለዩት ብዬ ተውኳቸው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ከገበያ ስመለስ የጎረቤት ልጆች ከነኮተታቸው ተጨምረው ጠበቁኝ። ሁሉንም አባርሬ ብቻዬን ተቀመጥኩበት። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ካርቶን መደብኩ፤ ካርቶኑ የሚችለውን ይያዙ፣ የተረፈው ለጎረቤት ይሂድ አልኩ። የተሰባበረውን፣ አንገት የሌለውን ፈረስ፣ እጀታ የሌለውን የፕላስቲክ ሲኒ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁት። የጭቃ ላሞቹን ላወጣ ስነካቸው እጄ ላይ ፈረሱ። ትንሣኤ የእውነት ከብት ያለቀባት ይመስል አለቀሰችላቸው።

እንዲህ ስገለብጥ ከሁሉም ሥር አንድ ጥቅል አገኘሁ። ክንድ አይሞላም፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ እስከ ታች በክር ታስሯል። እጄን ሰበሰብኩ። ሰው ስለቱን እንዲህ ጠቅልሎ እኛ ቤት ለቄሱ አስቀምጦ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። መጋረጃም ይሁን ጧፍ፣ ለታቦት የተሳሉት ነገር ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ማንም አይፈታውም። እኔ በሌለሁበት አንዱ ያስቀመጠውን እነዚህ ባለጌዎች ከኮተታቸው ጋር ወሽቀውት ነው ብዬ ክው አልኩ። አቤቱ ይቅር በለን እያልኩ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ከሥዕለ ማርያሟ አጠገብ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ዘመነ አላየሁም ብሎ ማለ፣ ውዴ ቀና ብላ ጥቅሉን ታያለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅሽ ከሥዕሏ ሥር አልነሣም አለች። አንጋጣ ትቆማለች። ምግቧንም ነካ ነካ አድርጋ ትተዋለች። እኔ ሞኟ፣ ልጅቷ እንደ አያቷ ጸሎተኛ ልትሆን ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ አፈር ልብላ!

ቄሱ ለአቡነ አረጋዊ ዋዜማ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት የሰው ስለት ከእንግዲህ ቤቴ አይደር ብለው፣ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ፣ ውዴ በሩ ላይ ተጋድማ እግራቸውን ያዘች። አይቅበሯት ብላ ጮኸች። ማንን ብንላት፣ እናቴን አለች።

ለካ የተጠቀለለችው ያች ድምፅሽን ቀድተሽ የላክሽላት አሻንጉሊት ናት፣ ሆዷን ሲጫኗት ውዴዬ በልተሻል ወይ የምትለዋ። ባትሪዋ አልቆ ከመስቀል ወዲህ ዝም ብላለች። ልጅቷ የእሷን ዝምታና የአንቺን ስልክ አንድ አደረገችው። እናቴ ሞታለች፣ እነሱ ደብቀውኛል አለች በሆዷ። የቄስ ቤት ልጅ አይደለች፣ ሰው ሲገነዝ አይታለች፤ የድሮ ነጠላዬን ቀድዳ ገነዘቻት። እንዳትወሰድባት ከመጫወቻው ሥር ደበቀቻት። እኔ ፊት ያላለቀሰችው እኔም እንዳላለቅስ ብላ ነበር። ስንቱን ፈትተው የቀበሩት ቄስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ። የእኔማ አይወራ። እኔም እኮ የፈራሁት ያንኑ ነበር። እሷ ደፍራ ገነዘችው፣ እኔ ግን ቤት እጠርጋለሁ።

ባትሪ ገዛሁ። ውዴ አይገባም አለች፤ እናቴ ራሷ ካልደወለች ይህች ብትናገር ውሸቷን ነው አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽና እኔም ፈርቻለሁ። ባትሪው ገብቶ ዝም ብትልስ? ስለዚህ ጥቅሉ እንደታሰረ በካርቶኗ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ሌላውን መጫወቻዋን በሙሉ ለእነ ትንሣኤ አከፋፈለችው። ቤቱ ጠራልሽ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ እግሬን የሚያደናቅፈኝ የለም፤ ያ ኮተት ናፈቀኝ ብልሽ ታምኛለሽ?

ይህን የምታደርስልኝ የኒሯቋ ልጅ ባንቺ ናት። እረፍቷን ጨርሳ ወደ ቤሩት ልትመለስ ነው። እሁድ እሁድ የኛ ሰው ከሚሰበሰብበት ሁሉ አፈላልጋታለሁ ብላ ቃል ገብታልኛለች። በሞቴ የትናየት፣ ገንዘብ አትላኪ፣ መጫወቻም እንዳትልኪ! ታመሽም ከሆነ፣ ከሥራ ወጥተሽም ከሆነ፣ የምታፍሪበት ነገር ገጥሞሽም ከሆነ፣ እኔ እህትሽ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለሁም። በሰው ስልክም ቢሆን አንድ ቃል አሰሚን።

ቄሱ በየቅዳሴው ስሟን እየጠራሁ ነው፣ አይዞሽ በይልኝ ብለዋል። ዘመነ አዲስ የሽቦ መኪና እየሠራ ነው፤ ስትመጪ ከመናኸሪያ ሻንጣሽን በእሷ እጎትታለሁ ይላል። ትንሣኤ ጉንጯን ሳሚልኝ ነው ያለችው፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እንጃላት፣ ብቻ ሳመችሽ። ውዴንም ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። በልቻለሁ በያት አለችኝ።

አልበላችም፣ የትናየት።

እህትሽ መስታወት
ሰቆጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.