ለሂሩት ጠረጴዛ ዋንዛ ስመርጥ

ዘኑዬ፣

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ሂሩት አግብታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ቃሊቲ ያለው የእንጨት ሥራ ቤታችንም አልተዘጋም። ብቻ አሁን ሰዉ የሚያዘው ኤምዲኤፍ የሚሉትን የፋብሪካ ጣውላ ስለሆነ፣ እንጨት መምረጥ የሚባለውን ነገር ሸሽቼው ከርሜ ነበር። መራጯ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ መላግና መግጠም እንጂ።

ሂሩት ግን ከሠርጓ በፊት "አባዬ፣ የምግብ ጠረጴዛዬን ከዋንዛ ሥራልኝ" አለችኝ። ለእሷ እምቢ ይባላል?

ሳሪስ ጣውላ መሸጫ ሄድኩ። ነጋዴው ሰፊ፣ ቀላ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ጣውላ አወጣልኝ። ጫኑልኝ ልል ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጅማ፣ አባትሽ ጣውላ ሲሰነጥቁ እያየሽ ስላደግሽ መልኩ አታሎሽ አያውቅም። መጀመሪያ ታነሺዋለሽ። ከበድ ካለሽ "ይሄ ገና ውሃውን አልጨረሰም፤ ቤት ከገባ በኋላ ይጣመማል" ትያለሽ። ከዚያ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ በርዝመቱ ታዪዋለሽ፤ ጫፉ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በጣትሽ ትዳብሻለሽ። ነጣ ያለውን ዳሩን ደግሞ "ነቀዝ የሚወደው ይሄን ነው" እያልሽ ታስቆርጪኝ ነበር። ነጋዴዎቹ ገና ከበር ሲያዩሽ ደህናውን ከጓሮ ያወጡ ነበር። እኔ አጠገብሽ ቆሜ በኩራት ደረቴ ይነፋል።

ያን ቀላ ያለ ጣውላ አነሳሁት። ድንጋይ ነው የሚመስለው። መለስኩለት። ነጋዴው ቅር አለው፤ እኔ ግን ክምሩን እያገላበጥኩ ከሥር አቧራ የለበሰ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ዋንዛ አገኘሁ። ደረቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉም ደህና። ቤት ወስጄ መላጊያ ሳሳርፍበት ውስጡ የማር ቀለም አወጣ። ብቻዬን ሳቅኩ። ጠረጴዛውንም ሠርቼ ለሠርጓ አደረስኩላት።

ያም ሆኖ ክረምቱን በሙሉ ስሰጋ ነበር፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሂሩት ጠረጴዛ ተጣመመ ይሆን እላለሁ። ክረምቱ እንደወጣ አንድ እሁድ ምሳ ጠራችኝ። ከሰላምታዬ በፊት ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን ገጽ በዓይኔ ለካሁት። ንቅንቅ አላለም።

ሂሩት እየሳቀች "እንዴት አድርገህ መረጥከው?" አለችኝ።

"እናትሽ ናት የመረጠችው" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ እንደዚያው ቆምን።

ዘኑዬ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣውላ ተራ ይዣት እሄዳለሁ፤ እንዳንቺ ማንሳቱን ጀምራለች። ይሄን ማን አሳየሽ ሲሏት ስምሽን ትጠራለች። እኔም በሕይወት እስካለሁ እጠራዋለሁ።

ባልሽ ታደሰ