አባቴ አጎቴ የሆነበት ሚያዝያ

መጋቢት 12፣ 2005

ዛሬም በታችኛው መንገድ ሄድኩ። ይረዝማል፣ አቧራውም ጉድ ነው፤ ግን በአባዬ ጎሚስታ ቤት በር አያሳልፍም። አልሆነልኝም። ልታጠፍ ስል፣ "አንች! ነይ ውኃ ቅጅ!" አባዬ ነው። ዓይኑ ከየት እንደሚያየኝ እንጃ።

ከሊማሊሞ የወጣ አይሱዙ ቆሟል፤ ፍሬኑ ይሸታል። ውኃውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ። አባዬ ጎማውን ነክሮ አረፋ ይጠብቃል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር። ሾፌሩ አየኝና፣ "የሱ ልጅ ነሽ እንዴ?" አለኝ።

"ጎረቤት ነኝ" አልኩት።

አባዬ ሰምቷል። ቀና አላለም። አረፋው የወጣበትን ቦታ በጥፍሩ ምልክት አደረገ፣ በቃ።

ምን ልበል ታዲያ? ላለፈ ላገደመ ሾፌር ሁሉ ዘሬን ልቁጠር?

መጋቢት 14

መጣ። ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጬ፣ ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ... "እንኳን ደስ አለሽ፣ የትናየት" ይላል። የአሜሪካው ኮሌጅ ተቀብሎኛል። የትምህርቱን ክፍያ ትተንልሻል ይላል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ወደ ደብዳቤው ታች ወረድኩ።

ለመኝታ፣ ለምግብ፣ ለሕክምና በዓመት አሥራ አንድ ሺህ ዶላር። "እኔ እከፍልላታለሁ" ብሎ የሚፈርም ዋስ እስከ ሚያዝያ 23 ካላመጣሽ ለቪዛ የሚሆነውን ወረቀት አንልክም። ወረቀቱ ከሌለ ኤምባሲው አያነጋግርም። እዚያ ደርሰሽ ከግቢ ውጭ ሠርቼ ልክፈል ብትይም አይፈቀድም።

ታዲያ "እንኳን ደስ አለሽ" ምኑ ላይ ነው? ድግስ ጠርቶ በሩን መዝጋት ማለት ይኼ ነው።

ማታ ነገርኳቸው። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ የአባዬን ፊት አይታ ዘጋችው። አባዬ፣ "ዶላሩን ሊማሊሞ ላይ እንለቅመው ይሆናል" ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

መጋቢት 20

ጋሼ የሺዋስ መጣ። የእማዬ ወንድም፣ የቱሪስት አስጎብኚው። ከማርጋሬትና ከግሌን ጋር ያገናኘኝ እሱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተራራውን ሊወጡ ሲመጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ አሜሪካኖች፣ ጡረታ የወጡ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ይልኩልኛል፣ የኮሌጁን መግቢያ ፈተና ክፍያም የከፈሉልኝ እነሱ ናቸው። ኮሌጁም የነሱ ከተማ አጠገብ ያለ ነው።

"ይፈርማሉ" አለ። "አራቱንም ዓመት። ለሆሳዕና ራሳቸው ይመጣሉ፤ እዚሁ አይተውሽ ይፈርማሉ።"

እማዬ ግንባሩን ሳመችው። ሽሮ ቀረበ። ሽሮው ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ...

"አንድ ነገር ግን አለ። አባቷ ሞቷል ብያቸዋለሁ።"

"ማን? ባዘዘው?"

"ያን ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ ሲመጡ። አባት ላለው ልጅ ፈረንጅ ቦርሳውን አይፈታም፣ በለጠች። ስንት ዓመት ይዣቸው ተራራ ወጣሁ፤ አውቃቸዋለሁ።"

"ሟርተኛ! ባሌን በቁሙ?"

ለካ ማርጋሬት በጻፈች ቁጥር "አንቺ ብርቱ ልጅ" የምትለኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ማትስ ውጤቴ መስሎኝ።

የኮሌጁ ቅጽ ላይ "አባት፦ በሕይወት አለ" ብዬ ሞልቻለሁ። ማርጋሬት ዘንድ ግን ሙት ነው። ሲፈርሙ ማን ከማን ጋር ያመሳክራል ይላል ጋሼ። ሁሉን ነገር ያውቃል እሱ።

መጋቢት 21

ለአባዬ ማን ይንገረው? እኔ አልነግርም። እማዬም አልነግርም ብላለች። ገዳዩ ራሱ ይንገረው።

መጋቢት 26

ነገረው። ጎሚስታ ቤት፣ እኔ ቆሜ እያየሁ። አባዬ የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት አንስቶ የሚያሳድደው መስሎኝ ነበር። እንዲያሳድደውም ፈልጌ ነበር።

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"በምን ሞትኩ?"

"ሊማሊሞ ላይ" አለ ጋሼ። "መኪና ተገልብጦብህ።"

"የማን መኪና?"

"እሱን አልጠየቁኝም።"

"ደግ አሟሟት ነው። አልጋ ላይ አላማቀቀኝም።" ጨርቁን ወረወረው። "አሁንስ ማን ነኝ?"

"የሟቹ ወንድም። አጎቷ።"

"ስሜስ?"

"ያው ባዘዘው። እነሱ አገር ወንድማማች ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠራ፤ ይብስ ያሳምንልናል።"

ተያይዘው ጠላ ቤት ሄዱ። በሬ ካራጁ ይውላል!

እንዲህ በቀላሉ? ለአንዲት ብሎን ሰፈሩን የሚያምስ ሰው ለገዛ ሞቱ አንድ ቃል አይቆጣም? ወይስ እኔን ለመሸኘት ይህን ያህል ቸኩሏል?

ሚያዝያ 4

ማርጋሬት ጻፈች። ለአባቴ ቄስ እንዲጸልይለት ትፈልጋለች፤ እሷም አጠገቤ ቆማ ማየት። "ላንቺ የመጽናኛ ቀን ይሆንልሻል" ትላለች። መጽናኛ! ማን አዘነና?

እማዬ እኔን አስከትላ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄደች። አባ ወልደ ሩፋኤል ነገሩን እስክትጨርስ ሰሟትና፣ ዓይናቸው ፈጠጠ።

"በሕያው ስም ፍትሐት? የክርስትና ስሙን ጠርቼ ከሙታን ጋራ ልደምረው? ምን ነካሽ፣ በለጠች?"

"አባቴ፣ ለልጂቱ ብዬ እኮ ነው። ይማሩኝ።"

"አላደርገውም።"

ልንወጣ ስንል ግን ጠሩን። "ሆሳዕና ነው ይመጣሉ ያላችሁኝ? የሆሳዕና ፍትሐት የሁላችንም ነው። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በሰሞኑ ለሚሞተው ቀድሞ ይደረጋል፤ ማን እንደሚሞት የሚያውቅ የለምና ሁላችንም ቆመን እንፈታለን። ቆሞ የሚያይ ይይ። እኔ ስም አልጠራም። ቢጠይቁኝም አልዋሽላችሁም።"

ጋሼ የሺዋስ ይህን ሲሰማ አጨበጨበ። እግዜር ለሱ ብሎ ያዘጋጀው መሰለው።

ሚያዝያ 11

አባዬ ልምምድ ላይ ነው። "የወንድሜ ልጅ፣ ውኃ አምጭልኝ።" "የወንድሜ ልጅ፣ ምነው አኮረፍሽ? ነፍሱን ይማረውና አባትሽም ኩርፊያ ይወድ ነበር።" እማዬ እንኳ መሳቅ ጀምራለች።

ሚያዝያ 23 ትለፍ፣ ይፈርሙ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የማንንም ፊት ባላይ አይቆጨኝም። የአባዬንም ቢሆን።

ሚያዝያ 20፣ ሆሳዕና

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ማርጋሬት ነጠላ ለብሳ መጣች፤ እማዬ ናት ያለበሰቻት። ግሌን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ፍትሐቱ ተጀመረ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ማርጋሬት እጄን ጨብጣ ታለቅሳለች። አባዬ ወንዶቹ መሐል ቆሟል፤ ዘንባባ ግንባሩ ላይ አስሯል፣ ጣቱ ላይም የዘንባባ ቀለበት። እጁን በምን እንዳጠበው እንጃ፤ ነጭ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ለራሱ ይፈታል፣ እሷ ለሱ ታለቅሳለች። ሁሉም ልክ ነው። ማንም አልዋሸም። ጋሼ እንዳለው ሆነ።

ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። "የሟቹ ወንድም ነው" ብሎ ጋሼ አባዬን አስተዋወቀ። ማርጋሬት የአባዬን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና፣ ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ንገረን አለችው። ጋሼ ተረጎመ። "ደግ ነበር በልና ጨርስ" አለው ጋሼ በቀስታ።

"ደግ አልነበረም" አለ አባዬ። "ቁጡ ነበር። ምላሱም መራራ። ልጂቱ እንዳያያት በታችኛው መንገድ ታልፍ ነበር። ያያት ነበር። አንዳንድ ቀን ይጠራታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትሂድ ብሎ ይተዋታል። አንድ ቀን ሾፌር 'የሱ ልጅ ነሽ ወይ' ቢላት፣ 'ጎረቤት ነኝ' አለች።"

ጋሼ ላብ በላብ ሆነ። "በጣም ይወዳት ነበር ነው የሚለው" ብሎ ተረጎመው።

"አልተቀየማትም" አባዬ ቀጠለ። እኔን አያይም፤ ወይራውን ነው የሚያየው። "እጁን አየና፣ እውነቷን ነው አለ። እንግሊዝኛ ስታወራ ቆሞ ያዳምጣት ነበር፣ አንድ ቃል ሳይገባው። 'የማይገባኝን ካወራች፣ ከኔ አልፋለች ማለት ነው' ይል ነበር። ደስ ይለው ነበር። ግን አልነገራትም። እንዲያው ሳይነግራት ሞተ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል። እኔ ነደድኩ። ለኔ ያልተነገረኝ ለፈረንጅ ይነገራል? አጠገቡ ቆሜ! በቁሙ አፉን ሸብቦ ኖሮ፣ ሲሞት ነው የሚናገር?

"አባቴ እሱ ነው" አልኩ በእንግሊዝኛ። "አልሞተም። መኪናም አልተገለበጠበትም። ጎማ ነው የሚጠግን።"

ማርጋሬት እጄን ወዲያው አልለቀቀችም። ቀስ ብላ ነው የለቀቀችው፤ ያ ባሰብኝ። ግሌን ጋሼን "እውነት ነው?" አለው። ጋሼ መሬት መሬቱን አየ።

"ምን አለች?" አባዬ ጠየቀ።

"አባቴ ነው አልኳቸው።"

የዘንባባውን ቀለበት ከጣቱ አወለቀና ኪሱ ከተተው። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

"ሞቼልሽ አልነበር?" አለ። "ማን ቀስቅሽኝ አለሽ?"

ሚያዝያ 21

እማዬ ከማለዳ ጀምራ ስግደት ላይ ናት። የሷ ኃጢአት ይህን ያህል አይሆንም፤ የእኛን ደርባ ነው። አባዬ አያናግረኝም።

ሚያዝያ 23

ማርጋሬትና ግሌን ጎንደር ሆነው ጻፉልኝ። አልተቆጣንም ይላሉ። አባትሽ በሕይወት በመኖሩ ደስ ብሎናል ይላሉ። ግን አራት ዓመት ዋስ መሆን በመተማመን ነው፤ አሁን ልንፈርም አንችልም። መልካም ዕድል።

እውነት አላቸው። እውነት ስላላቸው ነው የበገንኩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አላጣም።

ቆይ ግን... ደስ ካላቸው፣ ያ ሁሉ እንባ ለማን ነበር? ለሟች የፈሰሰው ለሕያው አይሆንም? ጎማ የሚጠግን አባት ያለው ልጅ በአሥራ አንድ ሺህ ዶላር ፊት ሀብታም ነው?

ኮሌጁ የሰጠኝ ቀን ዛሬ አለቀ። ምንም አልላክሁም።

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ

አባዬ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ተሳሳመ። ጋሼ የሺዋስን እንኳ ሳመው። እኔ ጋ ሲደርስ ለበጉ ውኃ ላምጣ ብሎ ተነሣ። በጉ ከታረደ ቆይቷል።

ግንቦት 17

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሰኞ ይጀመራል። ካለፍኩ የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ዋስ አምጭ አይሉም፤ ስትቀጠሪ ከደመወዝሽ እንቆርጣለን ነው የሚሉት። ደስ አላለኝም። ደስ ይበልሽ የሚለኝን ሁሉ ጠልቼዋለሁ። ያንን ኮሌጅ አሁንም እፈልገዋለሁ፤ ሌሊት በሕልሜ ደረጃውን እወጣለሁ።

ከትምህርት ቤት በላይኛው መንገድ ተመለስኩ። ከሆሳዕና ወዲህ በዚያ ነው የምሄደው። ደግ ሆኜ አይደለም። ዝም የሚለኝ ከሆነ እያየኝ ዝም ይበል ብዬ ነው።

ሲኖትራክ ቆሟል። በርሜሉ ጎድሏል። ሳልጠራ ውኃ ቀድቼ ገለበጥኩ። አባዬ ጎማውን ነከረ፤ እጁ እንደ ድሮው እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ሾፌሩ ወደ እኔ በአገጩ እየጠቆመ፣ "ልጅህ ናት?" አለው።

አባዬ ቀና ሳይል፣ "አጎቷ ነኝ።"

"ውሸቱን ነው" አልኩት ሾፌሩን። "አባቴ ነው።"

ሾፌሩ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ፣ ከዚያ ሲጋራውን ሊለኩስ ዞር አለ። አባዬ ጎማውን ውኃው ውስጥ አዞረው፣ አዞረው። አረፋውን አገኘ። ጥፍሩን እዚያው ላይ እንደተከለ፣ ከሆሳዕና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

"ሞቼም አታሳርፊኝም፣ አይደል?"

"አላሳርፍህም" አልኩት፣ ማስቲሹን እያቀበልኩት።